አየር ያልፈረመበት ሻማ

ዜጋ ዱባ ሲወለድ ዱባ አልነበረም። እናቱ ያወጣችለት ስም ሲፕሪየን ነው፤ ሥራውም ለመኳንንት ዊግ መሥራት ነበር። መኳንንቱ አንድ በአንድ ጭንቅላታቸውን ሲያጡ እሱም ደንበኞቹን አጣ። ራስ ከሌለ ዊጉ በምን ላይ ይደፋል? ሰውዬው ግን ሞኝ አይደለም፤ በሳምንቱ አብዮተኛ ሆኖ ቁጭ አለ። አዲሱ የቀን መቁጠሪያ ሲወጣ የቅዱሳኑ በዓል ሁሉ ተሰርዞ ለየቀኑ የአትክልት፣ የእንስሳና የዕቃ ስም ተሰጠው። ሲፕሪየን በልደቱ ቀን ልጠራ ብሎ መጽሐፉን ሲገልጥ፣ የተወለደው በአህያ ቀን ሆኖ ተገኘ። ትንሽ አሰበና «እናቴ ቀን ተሳስታ ነው» ብሎ ሁለት ቀን ወደኋላ ሄዶ ዱባ ላይ አረፈ። ሰፈሩ በፊቱ «ዜጋ ዱባ» ይለዋል፤ ዞር ሲል ግን «ዜጋ ከነገ ወዲያ» ነው።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ የሰፈሩ ኮሚቴ ሊቀመንበር ሆኖ ፔትሮኒልን በሻማ ሰበብ ሊያስገድላት የደረሰው። በሻማ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ በዚያ ዓመት በፓሪስ መስከረም የሚባለው ወር ራሱ ተሰርዞ ነበርና ጉዱ ማቆሚያ አልነበረውም።

ፔትሮኒል ምላሷ የማያርፍ፣ ክንዷ የጠነከረ የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ናት። ባሏ ብሌዝ ከዘመተ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ከክፍለ ጦሩ አንድ ደብዳቤ መጥቶላታል፤ በደብዳቤው ላይ ከስሙ ቀጥሎ ያለው ቃል አንድ ብቻ ነው፦ «ጠፍቷል»። ሞተ አይልም፣ ተማረከ አይልም፣ ቆሰለ አይልም። ጠፍቷል። ሰው እንደ ጃንጥላ ይጠፋል? በዚህ ቃል አርባ ጊዜ ተናድዳለች፤ ስንት ጊዜ እንዳለቀሰችበት ግን እሷው ታውቃለች።

ሥራዋ በድሮው ገዳም ምድር ቤት ነው። ሠላሳ ሴቶች ግድግዳው ላይ የሚያብበውን ነጭ ጨው እየፋቁ ለባሩድ ይሰበስባሉ። ምድር ቤቱ ቀን በቀንም ጨለማ ስለሆነ ፔትሮኒል ጠዋት ጠዋት አሥራ ስድስት ወቄት የሞራ ሻማ ከኮሚቴው ትረከባለች፤ ታድላለች፤ ማታ ቁራጭራጩን ለቅማ ትመልሳለች። ይኸው ነው ሥራዋ። ሞራው እጅ ያሸታል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለውም።

ብርዱ ሊወጣ ሲል አንድ መምህር መጣ። ጨዉ እንዴት እንደሚጣራ ሊያስተምር ነው የመጣው፤ ቤተ ክርስቲያን የነበረው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። መምህሩ በንግግሩ መሃል ጣቱን ቀስሮ፣ «በተፈጥሮ ምንም ነገር አይጠፋም፤ ከባዶ የሚመጣም የለም። ከመንደዱ በፊት የነበረው ክብደት ከነደደ በኋላም አለ» አለ። ፔትሮኒል ይህን ስትሰማ አፏን በሻርፗ ሸፈነች። «አለ» ብላ በልቧ ደገመችው። ሌላው ሰው ስለ ጨው ሲማር እሷ እንባዋን ትጠርግ ነበር።

ዜጋ ዱባ ግን ብድግ አለ። «ዜጎች! ሰምታችኋል? ተፈጥሮ ይህን ያህል ጠንካራ ሕግ ካላት፣ እኛ ከተፈጥሮ በታች ልንሆን ነው?» አለና በማግስቱ በአዳራሹ በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ። «በዚህ ሰፈር ምንም አይጠፋም። የጠፋ ነገር ቢኖር ተሰርቋል።» ከሥሩ ማኅተም አለበት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ምን ብዬ ልንገራችሁ! ዳቦ ጋጋሪውን ሊጡ ገብቶ ዳቦው ሲወጣ ክብደቱ የት ገባ ብለው ያዙት፤ ሰውዬው ፈርቶ ግማሽ ጥሬ ማውጣት ጀመረና ሰፈሩ በሆድ ቁርጠት አለቀ። አጣቢዋን ደግሞ አንሶላው እርጥብ ሆኖ ሲሰጣና ደርቆ ሲነሳ አይስተካከልም፣ ውሃውን አምጪ አሏት። አንድ መላጣ የድሮ ወታደር «ፀጉርህን የት አደረስክ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ዜጋ ዱባን ከእግር እስከ ራስ አይቶ፣ «ዊግ ሠሪው አንተ፤ እኔን ትጠይቀኛለህ?» አለውና ጉዳዩ በዝምታ ታለፈ።

በመጨረሻ ተራው የፔትሮኒል ሆነ። ኮሚቴው ጠርቶ አቆማት። ከዱባ አጠገብ ጸሐፊው ኤቫሪስት ተቀምጧል፤ ድሮ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ይጽፍ የነበረ፣ የሰማውን ሁሉ እንደሰማው የሚጽፍ፣ በሕይወቱ አንዴም ስቆ የማያውቅ ሰው ነው።

«ዜጋ ፔትሮኒል፣ ጠዋት አሥራ ስድስት ወቄት ሻማ ትረከቢያለሽ፤ ማታ ሁለት ትመልሻለሽ» አለ ዱባ። «አሥራ አራቱስ?»

«ጠፋ!» አለች። ሻማ ነዶ ሲያልቅ ሌላ ምን ይባላል?

«ጻፍ ኤቫሪስት! ‹ጠፋ› ብላለች። የጠፋ ደግሞ ተሰርቋል። አመነች ማለት ነው።»

«ኧረ ነደደ ማለቴ ነው! በራ! አለቀ!»

«የት ሄደ?»

«ወደ አየር ነዋ! ጭስ ሆኖ!»

«አየሩ ሲረከብሽ ፈርሟል?»

ፔትሮኒል ወደ ጣሪያው ቀና ብላ አየች። ኤቫሪስት ብዕሩን ነክሮ «አየር አልፈረመም» ብሎ ጻፈ። ከኋላ አንዱ «ላም አለኝ በሰማይ!» ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

«በቀን አሥራ አራት፣ በሠላሳ ቀን አራት መቶ ሃያ ወቄት» አለ ዱባ። «ከዛሬ በአሥረኛው ቀን ሻማውን ታመጫለሽ፤ ወይም የት እንዳለ ታሳያለሽ። ካልሆነ መዝገብሽ ወደ ፍርድ ቤቱ ይሄዳል።» ፍርድ ቤቱ የትኛው እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም። እዚያ ሄዶ አንገቱን ይዞ የተመለሰ ሰው በሰፈሩ አይታወቅም።

ፔትሮኒል ከዚያ በቀጥታ የሄደችው ወደ መድኃኒት ቀማሚው ወደ ቴዎዱል ነው። ኮሚቴው ካልሰማ እሳቸው እንበላቸው፤ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። በዚያ ጊዜ ሰው ሁሉ እኩል ነው ተብሎ «እርስዎ» ማለት ክልክል ነበር፤ ሽማግሌም ሕፃንም አንተና አንቺ ነው። የቴዎዱል ምላስ ግን አልታዘዝ ብሎ ስንት ጊዜ ተቀጥተዋል። ፔትሮኒል ስትገባ ድመታቸውን «እመቤቴ፣ ከወንበሩ ቢወርዱልኝ? እንግዳ መጥቷል» እያሉ ይለምኗት ነበር።

በሩን ዘግታ ሁሉንም ነገረቻቸው። ሽማግሌው እያዳመጡ ዓይናቸው በራ፤ የሰው አንገት መሆኑን ረስተው ደስ አላቸው።

«ትክክል ነዎት! ሻማው አልጠፋም። እቃ ሁሉ የሚሠራው ከቅንጣት ነው፤ ከዚያ ወዲያ የማይቆረጥ ትንሽ ቅንጣት። እሳት ሲነካቸው ይለያዩና ከአየር ቅንጣት ጋር ይጋባሉ፤ አይሞቱም። ጭሱን ለኖራ እናጠጣዋለን፤ ኖራውን እንመዝናለን፤ አለቀ! እርስዎም ራስዎ እዚህ ቆመው እየነደዱ ነው፣ ያውቃሉ? በዝግታ ነው እንጂ ትንፋሽ ማለት ጭስ ነው። ሰው ሰዓት በሰዓት ይቀላል።»

«ሰው ቢጠፋስ፣ አባባ?»

ቴዎዱል የብሌዝን ነገር ያውቃሉ። ድመቷን አቀፉና ቀስ ብለው «ቅንጣቱ አይጠፋም» አሏት።

«ቅንጣት ምን ያደርግልኛል! ቅንጣት አልጋ አያሞቅም!» ብላ ጮኸችባቸው። ከዚያ ፊቷን በእጇ ጠረገች። «ቢሆንም ደግመው ይንገሩኝ።»

«ቅንጣቱ አይጠፋም፣ ልጄ።»

አሥረኛው ቀን ሲደርስ አዳራሹ ከማለዳው ጀምሮ ሞላ። ቴዎዱል ትልቅ የመስታወት ጋን፣ ቱቦ፣ ወናፍና ሁለት ማሰሮ ኖራ ተከሉ። የሰፈሩ ዱቄት የሚመዘንበት ትልቅ ሚዛንም ከነሰንሰለቱ እዚያው ተሰቅሏል፤ ኮሚቴው የሽማግሌውን ትንሽ ሚዛን ስለማያምን ማመሳከሪያ ይሁን ተብሎ ነው። ዱባ ሰው መብዛቱን ሲያይ ልቡ አበጠ።

«ሚዛኑ ታማኝ መሆኑን በራሴ አረጋግጣለሁ!» ብሎ የዱቄቱ ሚዛን ሳህን ላይ ጉብ አለ። በወዲያኛው ድንጋይ ተደረደረ። ኤቫሪስት ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ዜጋ ሊቀመንበር፣ ከነጫማው ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ወቄት።» ሰው አጨበጨበ። ለምን እንዳጨበጨበ አይታወቅም፤ በዚያ ዓመት ሊቀመንበር ሲመዘንም ሲያስነጥስም ይጨበጨብ ነበር።

ከዚያ ሻማዎቹም ኖራውም ተመዝነው ሻማዎቹ ጋኑ ውስጥ ተለኮሱ። ፔትሮኒል ወናፉን ስትነፋ ንጹሕ አየር በአንድ በኩል ይገባል፤ ጭሱ በሌላ በኩል ወደ ኖራው ይሄዳል። ዱባ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከወንበሩ አልተነሳም፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ ስለ ሌቦች ተናገረ። ፊቱ ቀላ፣ ላቡ በአንገቱ ወረደ፣ ድምፁ ተዘጋ፤ እሱ ግን አላቆመም። ውሃ እንኳ አልቀመሰም።

ቴዎዱል ሻማውን አውጥተው መዘኑ። «አንድ ወቄት ጎድሏል።» ከዚያ ኖራውን መዘኑ። ደግመው መዘኑ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ ሦስተኛ መዘኑ።

«እ? ስንት ሆነ?» አለ ዱባ።

«አ… ኖራው የጨመረው አራት ሊሆን ትንሽ ቀረው።»

ሽማግሌው ይህን ያውቁት ነበር፤ ሻማ ሲነድ ከአየር እንደሚጨምር ተምረዋል። ጭሱን ለመያዝ ሲጓጉ ግን ማን ፊት እንደሚቆሙ አላሰቡም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይኼ ነው።

«አንድ ሰጠናት፣ አራት ሆነ!» ዱባ ከደስታው ብዛት ተንተባተበ። «እንግዲህ የሰረቀችው አራት መቶ ሃያ አይደለም! አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሰማንያ ነው! የት ደበቅሽው?»

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ከኮሚቴው አንዱ። «አንዱ በእሳት አራት የሚሆን ከሆነ የሰፈሩን ዱቄት ለምን አናቃጥለውም? አንድ ጆንያ አራት ሊሆን!»

«ከልባችሁ ነው?» ዳቦ ጋጋሪው ጮኸ። የሚሰማው አልነበረም፤ እጅ ማውጣት ተጀምሮ ነበር። ዱቄቱ ይቃጠል የሚሉት ስድስት፣ ሴትየዋ ትቅደም የሚሉት ሰባት ሆኑ።

ቴዎዱል ጣልቃ ገቡ። «ክቡርነትዎ…» ብለው ምላሳቸውን ነከሱ። «ዜጋ! ትርፉ ከባዶ አልመጣም። ከአየሩ ነው የተወሰደው። አየሩ በዚያው ልክ ቀሏል።»

«ከየትኛው አየር?»

«ከዚሁ ከአዳራሹ።»

«የሕዝብ አየር!» ዱባ ጠረጴዛውን ደበደበ። «ሻማ ሰርቃ ሳያንሳት የሕዝብ አየር! ጻፍ ኤቫሪስት!» ኤቫሪስት ጻፈ። ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ሲፋቅ ፔትሮኒል አንገቷ ላይ ብርድ ተሰማት። በቃ፣ አለቀልኝ አለች። ወናፉ ከእጇ ወደቀ። ቀና ስትል ግን ዱባን አየችው፤ ላቡን በመሐረብ ይጠርጋል፣ መሐረቡ ሲጨመቅ ይንጠባጠባል። የሽማግሌው ቃል ትዝ አላት። ሰው ሰዓት በሰዓት ይቀላል።

«ዜጋ ዱባ፣ ጠዋት ስንት ነበርክ?»

«ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ! ሁሉም ሰምቷል!»

«ከወንበርህ ተነስተሃል?»

«አልተነሳሁም! ለሕዝብ ስሠራ…»

«እንግዲያው ውጣና ተመዘን። ወይስ የሰፈሩ ሕግ በሻማ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው?»

«ትክክል ናት! ይመዘን!» አለ መላጣው ወታደር ከኋላ። ሰዉ ተቀበለው። «ይመዘን! ይመዘን!» ዱባ እየሳቀ ሳህኑ ላይ ወጣ። ድንጋዮቹ እንደ ጠዋቱ ተደረደሩ። ሳህኑ ግን እንደ ጠዋቱ አልተስተካከለም፤ ሊቀመንበሩ እግሩ ከመሬት ለቆ ወደ ላይ ወጣ። ኤቫሪስት ከድንጋዩ በኩል አንድ ወቄት አነሳ። ሁለት አነሳ። ሦስት። አራት ሲያነሳ ተስተካከለ።

ኤቫሪስት ወንበሩ ላይ ተመልሶ ብዕሩን ነከረ። «ዜጋ ሊቀመንበር፣ አራት ወቄት ጎድሏል። የት ሄደ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ!»

«‹አላውቅም› ብሏል» ብሎ ጻፈ። «ኪሱ ይፈተሽ።» ተፈተሸ፤ ማበጠሪያና የረጠበ መሐረብ ተገኘ። ሁለቱም ሳህኑ ላይ ሆነው ስለተመዘኑ አልረዱትም።

«ሰርቆ ውጦት ይሆናል» አለች አጣቢዋ።

«ቢውጠውማ ከነሆዱ ይመዘን ነበር!» አለ ዳቦ ጋጋሪው። የሦስት ሳምንት ቂሙን መወጣቱ ነው።

ኤቫሪስት ሲያሰላ ቆየ። «በሦስት ሰዓት አራት። በቀን ሠላሳ ሁለት። በሠላሳ ቀን ዘጠኝ መቶ ስድሳ ወቄት። ከዜጋ ፔትሮኒል ሻማ ከእጥፍ በላይ ነው። በሰፈሩ ውስጥ ይህን ያህል ያጠፋ ሌላ ሰው በመዝገቤ የለም።» ከዚያ በሩ ላይ ያለውን ወረቀት በጣቱ አሳየ። «የጠፋ ነገር ቢኖር ተሰርቋል። መዝገቡ ወደ ፍርድ ቤቱ ይሄዳል። ሁለቱም በአንድ ጋሪ ቢሄዱ ይቀላል።»

ዱባ በሰንሰለቱ ላይ ተንጠልጥሎ ነጣ። ጉድጓድ ስትቆፍር አርቀህ አትቆፍር፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ያሉት አባቶች ዊግ ሠሪ አይተው ነበር መሰለኝ። ወደ ፔትሮኒል ዞረ።

«እመቤት ፔትሮኒል…» አለ በቀጭን ድምፅ። «እባክዎ። እርስዎ ይንገሩልኝ። እርስዎ ያውቃሉ።»

«እርስዎ» የሚለው ቃል በዚያ አዳራሽ በሕዝብ ፊት ከተነገረ ቆይቷል፤ ያስቀረው ደግሞ ራሱ ዱባ ነው። ቴዎዱል ቀና አሉ። ኤቫሪስት ብዕሩን አንስቶ «እሱንም ልጻፈው?» አለ።

እውነቱን ለመናገር ፔትሮኒል አማራት። ዝም ብላ ብትቆም ይበቃል። አሥር ቀን እንቅልፍ አልወሰዳትም፤ አሥር ቀን አንገቷን ስትዳብስ ነው ያደረችው። አሁን የእሱን አንገት አየችው፤ ወፍራም፣ ቀይ፣ በላብ የረጠበ የሰው አንገት። እሱም ቢሄድ ለአንዷ ሴት አንድ ቃል ያለበት ደብዳቤ ይደርሳታል።

«አትጻፈው» አለች። «ይልቅ ይህን ጻፍ። የሊቀመንበሩ አራት ወቄትና የኔ ሻማ አንድ ቦታ ነው የሄዱት። የተረከባቸው አየር ነው። አየሩ ይጠራና ይጠየቅ።»

ኤቫሪስት አሰበ። ሥርዓቱ ትክክል ነበር፤ ተከሳሽ ምስክር ከጠራ ምስክሩ መጠራት አለበት። በሩን ከፈተና እንደ ደንቡ ሦስት ጊዜ ተጣራ። «ዜጋ አየር! ዜጋ አየር! ዜጋ አየር!» ከወንዙ በኩል ነፋስ ገብቶ በሩን ጓ አድርጎ ዘጋው፤ ግማሹን ወረቀትም በተነው። ኤቫሪስት ወረቀቱን ለቅሞ ተቀመጠ። «ምስክሩ ቀርቧል፤ ቃሉን ለመስጠት ግን ፈቃደኛ አይደለም። እስኪናገር ድረስ ሁለቱም መዝገቦች ይቆያሉ።»

አየር እስካሁን አልተናገረም።

ሰዉ እየሳቀ ወጣ። ዱባ ከሚዛኑ ወርዶ በእግሩ መቆም እስኪችል ጥቂት ቆየና እየተጎተተ ወደ በሩ ሄደ፤ ወረቀቱን ሊቀድ እጁን ዘረጋ። ፔትሮኒል ክንዱን ያዘችው።

«አትቅደደው።»

«እንዴ! አንቺን ሊያስገድልሽ የነበረውን?»

«ባሌን ጠፍቷል ብለው ጽፈውልኛል» አለችው። «በዚህ አገር ‹ምንም አይጠፋም› የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ይኼ ብቻ ነው። ይኑርልኝ።»

ዱባ ከኪሱ የድሮ የዊግ መቀሱን ሊያወጣ ቢዳብስ ለካ እሱ ቤቱ ነው ያለው፤ ሄዶ አመጣው። ሁለተኛዋን መስመር ብቻ፣ ፀጉር እንደሚያስተካክል እጁን ሳያንቀጠቅጥ ቆርጦ አወጣት። የመጀመሪያዋን በሩ ላይ ተዋት።

በማግስቱ ፔትሮኒል አሥራ ስድስት ወቄት ሻማ ተረክባ ምድር ቤት ወረደች። ሴቶቹ ሲፍቁ ዋሉ። ማታ ቁራጭራጩን ለቅማ ስታመጣ ኤቫሪስት መዘነው፤ ሁለት ወቄት ነው። መዝገቡን ገልጦ «አሥራ አራት ወቄት» ብሎ ጀመረና ብዕሩ ቆመ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከዚህ ቀጥሎ «ጠፋ» ብሎ ነበር የሚጽፈው። ትንሽ አሰበና ሌላ ቃል ጻፈ።

«ምን ብለህ ነው የጻፍከው?» አለችው።

«‹አሥራ አራት ወቄት፣ አለ።›»

ፔትሮኒል ቁራጭ ሻማዎቹን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች።

«እስቲ ድገመው» አለችው።

ኤቫሪስት ለምን እንደሆነ አልገባውም፤ ግን ደገመላት።